የሕዝብ አስተያየትና ጦርነትን ከሕግ ውጭ የማድረግ ክርክር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

1928 የሚለው ቁጥር ለኢትዮጵያዊ ሰሚ የሚያስታውሰው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ማይጨው ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ግን ይኸው ቁጥር የሚያመለክተው ሌላ ዓመት፣ የሚያስታውሰውም ፍጹም ሌላ ጉዳይ ነው። በዚያ ዓመት ኦገስት 27 ቀን የአሥራ አምስት መንግሥታት መልእክተኞች በፓሪስ ከተማ፣ በፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አዳራሽ ተሰብስበው፣ የለሃቭር ከተማ ለአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለፍራንክ ኬሎግ ባበረከተችው የወርቅ ብዕር አንድ ውል ፈረሙ። በውሉም በመካከላቸው የሚነሣውን ክርክር በጦርነት መፍታትን የሚያወግዙ፣ ጦርነትንም የብሔራዊ ፖሊሲያቸው መሣሪያ ከማድረግ የሚታቀቡ መሆናቸውን አስታወቁ። ኢጣሊያ ከነዚህ ከአሥራ አምስቱ አንዷ ነበረች። ኢትዮጵያም ጥቂት ቆይታ ውሉን ተቀበለች። ከፓሪሱ የፊርማ ሥነ ሥርዓት እስከ ማይጨው ጦርነት ያለው ጊዜ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ነው። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት፣ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ካልተባለ በቀር፣ የአውሮፓ ናቸው።)

ይህን ውል በፌዝ ማለፍ የተለመደ ሆኗል። ፍሬ ነገሩ በሁለት አጫጭር አንቀጾች ያለቀ፣ ዳኛ ያልሰየመ፣ ቅጣት ያልደነገገ ወረቀት ነውና ፌዘኞቹ የሚይዙት ነገር አላጡም። ይሁን እንጂ ከውሉ አስቀድሞ የተካሄደው ክርክር ከውሉ ይልቅ የጠለቀ ነበር፤ ከተከራካሪዎቹም መካከል በዘመኑ ከሁሉ የበለጡ አስተዋዮች ይገኙ ነበር። የተከራከሩበትም ነገር፣ በመንግሥታት መካከል ፖሊስም ሆነ ወህኒ ቤት በሌለበት ሁኔታ ሕግን የሚያስከብረው ኀይል ምንድን ነው? የሚል ነው። አንደኛው ወገን፣ የሕዝብ አስተያየት ነው አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ የሕዝብ አስተያየት የሚባል ነገር ለመኖሩ ምን ማረጋገጫ አለ? ብሎ ጠየቀ።

የኢትዮጵያን የቆየ የፍርድ ልማድ ለሚያውቅ ሰው ጥያቄው እንግዳ አይደለም። በድሮው ሥርዓት አንድ የተበደለ ሰው በዳዩን በመንገድ ላይ አግኝቶ «በሕግ አምላክ!» ባለ ጊዜ፣ ያ ሰው የቱንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆን ባለበት መቆም ነበረበት። በአካባቢው ወታደር ላይኖር ይችላል፤ መንገደኛው ሁሉ ግን ለቃሉ ምስክር ነው፤ አንዱም ቆሞ ዳኛ ይሆናል። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ያለ ጠባቂ ወደ ሹም ቤት ሲሄዱ አይተናል የሚሉ የውጭ አገር መንገደኞች በአድናቆት ጽፈዋል። ታዲያ ያን ጉልበተኛ ያቆመው ምንድን ነው? ፈሪሃ እግዚአብሔርና የመንገደኛው ዓይን ነውን? ወይስ ከተራራው ማዶ ያለው የሹሙ ጅራፍና እግር ብረት? ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የተነሣው ሙግት፣ ስሙና ልብሱ ቢለያይም፣ ከዚህ ጥያቄ የራቀ አልነበረም።

የሐሳቡ አባት ሳልሞን ሌቪንሰን የተባሉ የቺካጎ ከተማ ጠበቃ ነበሩ። ሙያቸው ከዓለም አቀፍ ሕግ እጅግ የራቀ ነው፤ ዕዳ የበዛባቸውን ኩባንያዎች ከመፍረስ አድኖ እንደገና ማቋቋም ነበር። ምናልባትም ነገሩን በአዲስ ዓይን ለማየት የበቁት ከመስኩ ውጭ ስለነበሩ ይሆናል። በማርች 1918 «ዘ ኒው ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ያመለከቱት፣ ሁሉም እያየው ማንም ያላስተዋለውን ነገር ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግ ስለ ጦርነት አካሄድ፣ ማለት ስለ ምርኮኛ፣ ስለ ቁስለኛ፣ ስለ ገለልተኛ መርከብ ብዙ ይደነግጋል፤ ጦርነት መክፈትን ግን አይከለክልም። እንግዲያውስ ጦርነት ወንጀል አይደለም፤ እንደ ውርስና እንደ ሽያጭ ያለ ሕጋዊ ተቋም ነው፤ ድል ያደረገም በድሉ የያዘውን በሕግ የራሱ ያደርጋል። ሌቪንሰን ምሳሌያቸውን ያመጡት በአውሮፓና በአሜሪካ ሁለት ባላባቶች ስለ ክብራቸው በሽጉጥ ይገጥሙበት ከነበረው ልማድ ነው። ያ ልማድ ሲከለከል የተከለከለው የማጥቃት ግጥሚያ ብቻ፣ የተፈቀደውም የመከላከል ግጥሚያ አልነበረም፤ ተቋሙ በሙሉ ከሕግ ጥላ ተባረረ እንጂ። በጦርነትም ላይ እንዲሁ ይደረግ አሉ። በ1921 መጨረሻ ለዚሁ ዓላማ ኮሚቴ አቋቁመው ወጪውን በአብዛኛው ከኪሳቸው ቻሉ፤ በፌብሩዋሪ 1923ም የአይዳሆው ሴናተር ዊልያም ቦራ ሐሳቡን ለአሜሪካ ሴኔት አቀረቡላቸው።

የሌቪንሰንን ሐሳብ ወደ ፍልስፍና ያሳደጉት ግን ፕሮፌሰር ጆን ዲዊ ናቸው። በትምህርት ሙያ ላይ ለተሰማሩ ሁሉ የዲዊ ስም ማስተዋወቂያ አያስፈልገውም፤ ሆኖም በዚህ ጉዳይ የተጓዙበት መንገድ ብዙ ጊዜ አይነገርም። በ1917 አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ስትገባ ደግፈው የጻፉ ሰው ናቸው። የቀድሞ ተማሪያቸው ወጣቱ ራንዶልፍ ቦርን በዚህ የተነሣ እጅግ በመረረ ብዕር ወቀሳቸው፤ የማሰብ ችሎታ ለጦርነት አገልጋይ ሲሆን የሚመራው መስሎት የሚመራ ይሆናል የሚል ነበር የወቀሳው ፍሬ ነገር። ቦርን በ1918 መጨረሻ በኅዳር በሽታው ወረርሽኝ ሞተ። ዲዊ የቬርሳይን ውል ካዩ በኋላ የያዙት አቋም በተማሪው ወቀሳ ምክንያት ነው ለማለት ባይቻልም፣ ወቀሳው ካመለከተው አቅጣጫ የራቀ አልነበረም።

የዲዊ ክርክር እንዲህ ይሄዳል። ሰላምን በጦር ኀይል ማስከበር ማለት ጦርነትን በሌላ ስም መጥራት ነው፤ አንድን ግለሰብ ወንጀለኛ ፖሊስ ይይዘዋል፤ አንድን ሕዝብ በሙሉ ግን መያዝ አይቻልም፤ መውጋት እንጂ። በሌላ በኩል በየአገሩ ጦርነትን የሚጠላ የሥነ ምግባር ስሜት ሞልቷል፤ ነገር ግን እንደ ተበተነ ውሃ ነው፤ ቦይ አላገኘም። ጦርነት ሕጋዊ እስከ ሆነ ድረስ ጦርነትን የሚቃወም ዜጋ ሕግን የሚቃወም ሰው ሆኖ ይታያል። ሕጉ ቢገለበጥ ግን ነገሩም ይገለበጣል፤ ተቃዋሚው ከሕግ ጋር ይቆማል፤ ወንጀለኛውም መንግሥት ይሆናል። ለዲዊ እንግዲህ ሕግ የሕዝብን አስተያየት የሚቀጣበት ወይም የሚተካበት ነገር አይደለም፤ የሚሰበሰብበት ማዕከል ነው።

ዋልተር ሊፕማን ይህን ሲሰሙ የሳቁበት ሰው አይደሉም፤ የተጨነቁበት እንጂ። ከዲዊ በሠላሳ ዓመት የሚያንሱት ይህ ጋዜጠኛ የሕዝብ አስተያየት እንዴት እንደሚሠራ ያወቁት ከመጽሐፍ አልነበረም። በ1918 በፈረንሳይ አገር በአሜሪካ ጦር የፕሮፓጋንዳ ክፍል ውስጥ ሠርተዋል፤ ለጀርመን ወታደሮች ከአየር የሚበተነውን ወረቀት ከሚጽፉት አንዱ ነበሩ። በ1920 ከቻርልስ ሜርስ ጋር ሆነው የሩሲያ አብዮት በ«ኒው ዮርክ ታይምስ» ጋዜጣ እንዴት እንደተዘገበ መረመሩ፤ ጋዜጣው የዘገበው በአብዛኛው የሆነውን ሳይሆን ዘጋቢዎቹና አዘጋጆቹ እንዲሆን የተመኙትን መሆኑን አሳዩ። ይህን ምርመራ ያደረገ ሰው «የሕዝብ ፍርድ» የሚለውን ቃል በቀላሉ ሊያምን አይችልም።

በ1922 ባሳተሙት «የሕዝብ አስተያየት» በተባለው መጽሐፋቸው መግቢያ አንድ የማይረሳ ታሪክ አለ። እንግሊዞች፣ ፈረንሳዮችና ጀርመኖች አብረው የሚኖሩባት አንዲት ደሴት ነበረች፤ የቴሌግራፍ ሽቦ አልደረሰባትም፤ የፖስታ መርከብ በስድሳ ቀን አንድ ጊዜ ይመጣል። በ1914 መስከረም ላይ መርከቡ ሲመጣ የደሴቲቱ ሰዎች የሰሙት፣ ከስድስት ሳምንት ጀምሮ ጠላቶች የነበሩ መሆናቸውን ነው። በነዚያ ስድስት ሳምንታት ውስጥ ግን እንደ ወዳጅ ኖረዋል። የሊፕማን ትምህርት ሰው ሁሉ በዚያች ደሴት ላይ ነው የሚል ነው። ሰው የሚያደርገውን የሚያደርገው ዓለም በእርግጥ እንዳለችው ሆና ሳይሆን፣ በልቡ በቀረጸው ሥዕል መሠረት ነው፤ ሥዕሉን የሚሥሉለት ደግሞ ሌሎች ናቸው። ዲዊ ይህን መጽሐፍ በዚያው መጽሔት ሲገመግሙ በዲሞክራሲ ላይ ከቀረቡት ክሶች ምናልባት ከሁሉ የበረታው መሆኑን አልሸሸጉም፤ ክሱን ተቀበሉ፤ ፍርዱን ግን አልተቀበሉም።

ሁለቱ በቀጥታ የተጋጠሙት በ1923 ነው። ሊፕማን በኦገስት ወር «አትላንቲክ መንስሊ» በተባለው መጽሔት ላይ ጦርነትን ከሕግ ውጭ የማድረጉን ዕቅድ ነቅሰው ተቹ። የሕጉን ዝርዝር ማን ይጽፋል? የተጻፈውስ ሕግ የዛሬውን ድንበር ለዘላለም ያጸናል ወይስ ይለውጣል? መንግሥታትን ወደ ጦር የሚያደርሷቸው ነገሮች እኮ በአብዛኛው ለዳኛ የሚመቹ የመብት ክርክሮች አይደሉም፤ የጥቅምና የክብር ግፊያዎች ናቸው፤ እነዚህም የሚበርዱት በዲፕሎማሲና በድርድር ነው እንጂ በአዋጅ አይደለም። በተጨማሪም ሴናተር ቦራ የመንግሥታቱን ማኅበር አጥብቀው የሚቃወሙ ሰው መሆናቸው ለሊፕማን የዕቅዱ ውስጣዊ ቅራኔ ምልክት ነበር፤ ጦርነትን እንጠላለን፣ ጦርነትን የሚተካውን ድርጅት ግን አንፈልግም እንደ ማለት ነውና። ዲዊ በኦክቶበር ወር በሁለት ተከታታይ ጽሑፎች መለሱ። የመልሳቸው አስኳል፣ የመንግሥታት ቅን ልቡና ከሌለ የሊፕማን ዲፕሎማሲም አይሠራም፤ ካለ ደግሞ ሕጉ ይሠራል የሚል ነበር። በዚህ ዙር ሊፕማን ከዲዊ ይልቅ ጠንካራ ሆነው እንደተገኙ ጽሑፎቹን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ሳይመሰክር አይቀርም።

በሁለተኛው ዙር ግን እንዲህ አይደለም። ሊፕማን በ1925 «ምናባዊው ሕዝብ» ሊባል በሚችል መጽሐፍ ክሳቸውን አጠነከሩት። ሕዝብ ማለት፣ አሉ፣ ቴአትሩ ከተጀመረ ከብዙ ጊዜ በኋላ ገብቶ የመጨረሻው መጋረጃ ሳይወርድ የሚወጣ ተመልካች ነው፤ ማን ጥሩ ማን ክፉ እንደሆነ ለመገመት ያህል ብቻ ይቆያል። ስለዚህ ከእርሱ የሚጠበቀው አገር ማስተዳደር አይደለም፤ በቀውጢ ሰዓት ክብደቱን በጉልበተኛው ላይ መጣል ብቻ ነው። ዲዊ በ1927 «ሕዝብና ችግሮቹ» በሚለው መጽሐፋቸው የሰጡት መልስ በትርጉሙ ላይ ያተኮረ ነው። ሕዝብ ማለት አስቀድሞ ያለ ክምር አይደለም፤ ሌሎች ባደረጉት ነገር ሳይጠየቅ ውጤቱ የሚደርስበት ሰው ሁሉ፣ ውጤቱን አውቆ ሊቆጣጠረው ሲነሣ ሕዝብ ይሆናል። ሕዝብ ምናባዊ መስሎ የሚታየው ራሱን ስላላወቀ ነው፤ ራሱንም የሚያውቀው በመነጋገር፣ በመደራጀት፣ መረጃን በመካፈል ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ክርክር በዲሞክራሲ ወዳጅና በዲሞክራሲ ጠላት መካከል እንደተደረገ አድርገው ይተርኩታል፤ ስሕተት ነው። በሽታው ምን እንደሆነ ሁለቱ ተስማምተዋል። የተለያዩት ሊድን ይችላል ወይስ አይችልም በሚለው ነው።

ውሉ እንዴት እንደተወለደ በአጭሩ ማለፍ ይበቃል። የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አሪስቲድ ብሪያን በአፕሪል 1927 ለአሜሪካ ሕዝብ በጋዜጣ ባስተላለፉት መልእክት፣ ፕሮፌሰር ጄምስ ሾትዌል ባቀበሏቸው ሐሳብ መሠረት፣ ሁለቱ አገሮች በመካከላቸው ጦርነትን እርም እንዲሉ ጠየቁ። ኬሎግ ለወራት አመነቱ፤ የፈረንሳይ ዓላማ አሜሪካን በስውር ወዳጅ ለማድረግ መስሏቸው ነበርና። በመጨረሻ የሁለቱን ውል የሁሉም ውል አድርገው መለሱት። የአሜሪካ ሴኔት በጃንዋሪ 1929 በ85 ድምፅ በአንድ ተቃውሞ አጸደቀው፤ ያው ሴኔት በሚቀጥለው ወር አሥራ አምስት የጦር መርከቦች እንዲሠሩ ፈቀደ። ኬሎግም የ1929ን የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ።

ጃፓን በሴፕቴምበር 1931 ማንቹሪያን በወረረች ጊዜ የውሉ ደካማነት ታየ። አዲሱ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሄንሪ ስቲምሰን በጃንዋሪ 1932 ያወጁት፣ ውሉን በመጣስ የተገኘን ማናቸውንም ግዛት አሜሪካ የማታውቅ መሆኗን ነው፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ደግሞ የውሉ ማስከበሪያ የሕዝብ አስተያየት መሆኑን በግልጽ ተናገሩ። በዚህ መካከል ዲዊ ከሬይመንድ ቡዌል ጋር በአንድ ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ተከራከሩ፤ ቡዌል የኤኮኖሚ ማዕቀብ ያስፈልጋል ሲሉ ዲዊ አያስፈልግም፣ ማዕቀብ የጦርነት ዋዜማ ነው አሉ። ክርክሩ በዚያን ጊዜ የሁለት ምሁራን ክርክር ይመስል ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ውጤቱ በተምቤንና በኦጋዴን የሚታይ ሆነ።

ኢትዮጵያ በወልወል ግጭት ምክንያት የተከተለችው መንገድ ሌቪንሰን በጽሑፋቸው የተመኙት መንገድ ነበር ማለት ይቻላል። ነገሩን ለግልግል ዳኝነት አቀረበች፤ ለመንግሥታቱ ማኅበር አመለከተች። ጁላይ 3 ቀን 1935፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 26 ቀን 1927፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የአሜሪካን ጉዳይ ፈጻሚ አስጠርተው፣ ኢጣሊያ የፓሪሱን ውል እንድታከብር ለማድረግ የአሜሪካ መንግሥት መንገድ እንዲፈልግ ጠየቁ። «በሕግ አምላክ» ማለት ይህ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ የመጣው መልስ፣ ነገሩ በግልግል ላይ ያለ በመሆኑ ከሁለቱ ወገኖች አንዱ ከሰላማዊ መንገድ ውጭ ሌላ መንገድ ይከተላል ብሎ የአሜሪካ መንግሥት ለማመን የሚቸገር መሆኑን ይገልጻል። በቃላቱ ጨዋነት የሚገኝበት፣ በሐሳቡ ግን ባዶ የሆነ መልስ ነው። መንገደኛው ጩኸቱን ሰምቶ፣ ሊጣሉ ነው ብዬ አላምንም ብሎ ማለፉ ነበር።

በዚያው ሰሞን ግን በብሪታንያ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ግማሽ ሚሊዮን ያህል ፈቃደኞች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ሕዝቡን ስለ ሰላምና ስለ መንግሥታቱ ማኅበር ጠየቁት፤ ጁን 27 ቀን 1935 ውጤቱ ሲገለጽ ከአሥራ አንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው መልስ ሰጥቶ ተገኘ። ወራሪውን መንግሥት በኤኮኖሚ ማዕቀብ መግታት ይገባል ያሉት ከአሥር ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ አስፈላጊ ከሆነ በጦር ኀይል ጭምር ያሉት ደግሞ 6.7 ሚሊዮን ያህል። ሊፕማን «ምናባዊ» ያሉት ሕዝብ ተቆጥሮ ቀረበ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ግን፣ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሦስት ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ወራሪውን መቅጣት ይወዳል፤ ቅጣቱ የሚያስከትለውን ዋጋ ለመክፈል ግን እሺ አላለም። መሪዎቹም ያነበቡት ይህን ልዩነት ነው። ሳሙኤል ሆር በሴፕቴምበር በጄኔቭ ብሪታንያ ለማኅበሩ ቃል ኪዳን የጸናች መሆኗን ሲናገሩ ዓለም አጨበጨበ፤ በኖቬምበር መንግሥታቸው በዚሁ ቃል ምርጫውን አሸነፈ፤ ማዕቀቡም በኖቬምበር 18 ቀን ተጀመረ፤ ነዳጅ ግን አልተጨመረበትም፤ የስዊዝ ቦይም ለኢጣሊያ መርከቦች ክፍት ነበር።

የአሜሪካ ነገር ደግሞ ለክርክሩ ከሁሉ የተሻለ ፈተና ነው። የማኅበሩ አባል ስላልነበረች፣ ሕግ አውጥታ ነዳጅ ከመከልከል ይልቅ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ኮርዴል ሃል በኖቬምበር 1935 ነጋዴዎች ነዳጅና ሌላ ለጦርነት የሚያገለግል ዕቃ ወደ ተዋጊዎቹ ከመላክ በፈቃዳቸው እንዲታቀቡ አሳሰቡ። ይህ «የሞራል ማዕቀብ» ተባለ። ሕግ የሌለበት፣ ቅጣት የሌለበት፣ በኅሊናና በሕዝብ አስተያየት ብቻ የቆመ ነው። ወደ ኢጣሊያና ወደ ቅኝ ግዛቶቿ የሚሄደው የአሜሪካ ነዳጅ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ከዚያ ዲሴምበር መጣ። ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል በዲሴምበር 8 ቀን በፓሪስ ተስማምተው፣ ኢትዮጵያ ሰፊ ግዛቷን ለኢጣሊያ እንድትለቅ፣ በደቡብም ሌላ ሰፊ አገር ለኢጣሊያ የኤኮኖሚ መስፋፊያ እንዲሆን፣ በምትኩ ጠባብ የባሕር መውጫ እንዲሰጣት ዐቀዱ። በማግሥቱ የፓሪስ ጋዜጦች ምሥጢሩን አወጡት። በብሪታንያ የተነሣው ቁጣ እስከ ዛሬ ከሚጠቀሱት የሕዝብ ቁጣዎች አንዱ ነው፤ የፓርላማ አባሎች በደብዳቤ ተጥለቀለቁ፤ «ታይምስ» ጋዜጣ ለኢትዮጵያ የተሰጠውን የባሕር መውጫ የግመሎች መተላለፊያ ብሎ አላገጠበት። በአሥር ቀን ውስጥ ሆር ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ዕቅዱም ሞተ። አንድ የታላቅ መንግሥት ሚኒስትር ስለ አንዲት ሩቅ አፍሪካዊት አገር ሲል በገዛ ሕዝቡ ከወንበሩ የተነሣበት ሌላ ጊዜ በዚያ ዘመን አይገኝም። የሕዝብ አስተያየት የለም ያለ ሰው በዚያች ሳምንት ተረታ።

ይሁን እንጂ በዚያው በዲሴምበር ወር በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ መውረድ ጀመረ። የነዳጁ ማዕቀብ ጉዳይ ከኮሚቴ ወደ ኮሚቴ እየተላለፈ ቀረ። ተመልካቹ ከቴአትር ቤቱ ወጥቶ ነበር፤ ክፉውን ገጸ ባሕርይ ከመድረክ አስወርዷልና የፈለገውን ያገኘ መሰለው። ሆር በጁን 1936 የባሕር ኀይል ሚኒስትር ሆነው ወደ ካቢኔው ሲመለሱ የተቃወመው ሕዝብ እንደ ዲሴምበሩ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ወር በ30ኛው ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 23 ቀን 1928፣ በጄኔቭ ሊናገሩ ሲቆሙ፣ በፉጨትና በስድብ የተቀበሏቸው የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ናቸው፤ የሕዝብን ዓይንና ጆሮ ይሆናሉ የሚባሉት ማለት ነው። በጁላይ 15 ቀን ማዕቀቡ ተነሣ።

በዚህ ሁሉ ሊፕማን ትክክል ነበሩ ብሎ መዝጋት ይቀላል፤ ከታሪኩ ግማሹም ይህንኑ ይላል። የሕዝብ ክብደት አንድን አሳፋሪ ሥራ ለማስቆም በቃ፤ አንድን ሥራ ለመሥራት ግን አልበቃም። ሊፕማን በ1925 ለሕዝብ የፈቀዱለት ድርሻም ከዚህ የሚበልጥ አልነበረም። ዲዊ ደግሞ በማዕቀብ ላይ የያዙት አቋም ለኢትዮጵያ የሚጠቅም አልሆነም፤ ኅሊና ብቻውን ነዳጅን ሊያቆም አለመቻሉ በአኀዝ ታይቷልና። የዲዊ ዋናው ሐሳብ፣ ሕዝብ በመነጋገርና በመደራጀት ይፈጠራል የሚለው ግን፣ ብዙ ሰው ባላየው ቦታ ሲፈጸም ተገኘ። በሜይ 1936፣ አዲስ አበባ በተያዘችበት ወር፣ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በለንደን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ። ታላላቆቹ ጋዜጦች ኢትዮጵያን በረሱባቸው ዓመታት ይህ ትንሽ ጋዜጣ የግፉን ዝርዝር በየሳምንቱ አልተወም፤ እስከ 1956 ድረስም ለሃያ ዓመት ታተመ። በኒው ዮርክ ዶክተር መላኩ በያን በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለውንም ጋዜጣ አወጡ፤ የሐርለምና የሌሎች ከተሞች ጥቁር አሜሪካውያን ከየደመወዛቸው ቆርጠው ሰጡ። እነዚህ ሰዎች በለንደንም በዋሽንግተንም ቤተ መንግሥት የሚሰማ ድምፅ አልነበራቸውም። ሚኒስትር አላወረዱም። የነርሱ ሕዝብነት ግን ቴአትሩ እስኪያልቅ የቆየ ነበር።

የስቲምሰን ያለማወቅ ፖሊሲም እንዲሁ ቀዝቃዛ መስሎ የታየ፣ በኋላ ግን የጠቀመ ነገር ነው። ብሪታንያ በኖቬምበር 1938 የኢጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ ስታውቅ፣ ፈረንሳይም እንዲሁ ስታደርግ፣ አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ሜክሲኮ ወረራውን ሳያውቁ ቀሩ። አዲስ አበባ ላይ በሜክሲኮ አደባባይ በየቀኑ ከሚያልፈው ሰው ስንቱ የስሙን ምክንያት እንደሚያውቅ እንጃ፤ ስሙ የዚያ እንቢታ ምስጋና ነው።

ሌቪንሰን በ1941 ሲሞቱ ዓለም እንደገና ጦርነት ላይ ነበረች፤ ሕይወታቸውን የሰጡለት ሥራ የከሸፈ ይመስል ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ድል አድራጊዎቹ መንግሥታት የጀርመንን መሪዎች ጦርነት በመክፈታቸው ምክንያት ለመክሰስ ሲፈልጉ፣ ድርጊቱ ከመፈጸሙ በፊት የከለከለው ሕግ የት አለ? የሚል ጥያቄ ተነሣ። በእጃቸው የነበረው ያ የተፌዘበት የፓሪስ ውል ነው። የኑረምበርግ ፍርድ ቤት በ1946 በሰጠው ፍርድ፣ ከውሉ በኋላ ጦርነትን የፖሊሲ መሣሪያ ያደረገ መንግሥት ሕግን ጥሷል፣ ያቀዱትና ያስፈጸሙትም ወንጀለኞች ናቸው አለ።

በዚያ አዳራሽ ውሉን በመጣስ የተቀመጡት ተከሳሾች ጀርመኖች ነበሩ። ከ1928ቱ ፈራሚዎች አንዷ የሆነችው ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ ስለ ከፈተችው ጦርነት ማንም አልተከሰሰም። በፌብሩዋሪ 1947 ከኢጣሊያ ጋር የተደረገው የሰላም ውል በ38ኛው አንቀጽ፣ ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ ያለባት ኀላፊነት የሚቆጠረው ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ጀምሮ ነው ብሎ ደነገገ፤ ሕጉ ቀኑን አልረሳውም። በ1948 የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ኢትዮጵያ ያቀረበችውን የስም ዝርዝር መረመረ፤ ባዶሊዮና ግራዚያኒ በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። አንዳቸውም ለኢትዮጵያ ተላልፈው አልተሰጡም። ግራዚያኒ በ1950 በኢጣሊያ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርቦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እሥራት ተፈረደበት፤ የተፈረደበት ግን በኢትዮጵያ ላይ ስለ ፈጸመው ግፍ አልነበረም፤ ከጀርመኖች ጋር ስለ መተባበሩ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላም ተፈታ።